ያረጀ የፕሮግራም መድረክ መቼ ይለቀቃል? የፓይዘን ቋንቋ ሽግግር ሒሳዊ ግምገማ

መግቢያ

አንድ መሥሪያ ቤት ወይም ትምህርት ቤት የሚገለገልበት የፕሮግራም መድረክ እያረጀ ሲሄድ በኃላፊዎቹ ፊት የሚደቀነው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ቀደም ብለው የተጻፉት ፕሮግራሞች የተማሪዎችን ውጤት ይደምራሉ፤ የደመወዝ መክፈያ ያዘጋጃሉ፤ መዝገብ ይጠብቃሉ። ደህና የሚሠራን ነገር መነካካት ጥፋት ሊያስከትል ስለሚችል ብዙዎች ውሳኔውን ለከርሞ ያሳድሩታል። ከዓመታት በኋላ መድረኩን ሲጠግኑ የነበሩት ባለሙያዎች ሥራቸውን ሲያቆሙና አዳዲስ መሣሪያዎችም አሮጌውን ቋንቋ የማይቀበሉ ሲሆኑ፣ ያ ሲንከባለል የቆየ ጉዳይ በጥድፊያ ይወሰናል። በጥድፊያ የተወሰነ ሽግግር ደግሞ የሚያስከትለው ጉዳት በመጀመሪያ የሚታየው በመዝገቡ ውስጥ ስሙ በተበላሸበት ወይም ውጤቱ በተዛባበት ሰው ላይ ነው።

እንዲህ ያለው ውሳኔ መቼ መሰጠት እንደሚገባው ለመመርመር የፓይዘን የፕሮግራም ቋንቋ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ትውልድ የተሻገረበት ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ይሰጣል። ሽግግሩ ከ2008 እስከ 2020 ድረስ 12 ዓመት ገደማ የወሰደ ሲሆን ሂደቱ በአዘጋጆቹ ይፋ ሰነዶች ተመዝግቦ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፓይዘን በብዙ አገሮች ለጀማሪዎች ማስተማሪያ እንዲሆን የተመረጠ ቋንቋ በመሆኑ ጉዳዩ የፕሮግራም ባለሙያዎችን ያህል መምህራንንም ይመለከታል። የዚህ ግምገማ ዓላማ የቋንቋው አዘጋጆች የሰጡትን ውሳኔ፣ የውሳኔውን አፈጻጸምና የቀረበበትን ተቃውሞ መዝኖ፣ የመሸጋገሪያ ጊዜ በምን ሊለካ እንደሚገባ ማመልከት ነው።

የውሳኔው አመጣጥ

ፓይዘን ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም በ1989 መጨረሻ የጀመረውና በ1991 ለሕዝብ የቀረበ ቋንቋ ነው። ሁለተኛው ትውልድ በ2000 ወጣ። ቋንቋው እያደገና ተጠቃሚው እየበዛ ሲሄድ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተወሰኑ አንዳንድ ነገሮች እንቅፋት መሆናቸው እየታወቀ መጣ። አዘጋጆቹ ጉድለቶቹን አንድ በአንድ ከመጠጋገን ይልቅ በአንድ ጊዜ ማረምን መረጡ። በመሆኑም በዲሴምበር 2008 የወጣው 3.0 እትም ከቀድሞው ጋር እንዳይጣጣም ሆን ተብሎ የተዘጋጀ ነበር። ይህም ማለት በአሮጌው ቋንቋ የተጻፉ ብዙ ፕሮግራሞች ሳይታረሙ በአዲሱ አይሠሩም ማለት ነው።

ከለውጦቹ አንዱ የማካፈል ስሌትን የሚመለከት ነው። በሁለተኛው ትውልድ ሙሉ ቁጥር ለሙሉ ቁጥር ሲካፈል ቀሪው ይጣል ነበር። በአንድ ፈተና 49፣ በሌላው 50 ያገኘ ተማሪ አማካይ ውጤቱ 49.5 መሆን ሲገባው፣ ጥንቃቄ የጎደለው ፕሮግራም 99ን ለ2 አካፍሎ 49 ይሰጠው ነበር። ማሽኑም ምንም የስሕተት መልእክት አያሳይም። በሦስተኛው ትውልድ መልሱ 49.5 ሆኗል። በአንጻሩ ደግሞ 45 ተማሪዎችን ለሁለት ክፍል ለመመደብ የተጻፈ ፕሮግራም፣ ቀሪው እንደሚጣል ተማምኖ ስም ዝርዝሩን ከ22 ስሞች በኋላ ይቆርጥ ከነበረ፣ በአዲሱ እትም 22.5 የሚል ቁጥር ስለሚደርሰው ሥራውን ያቆማል። ያው አንድ ለውጥ አንደኛውን ፕሮግራም ሲያርም ሁለተኛውን ሰበረው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለአዘጋጆቹ ሊነገርላቸው የሚገባ ነገር አለ። ቀሪውን ለሚጥል ማካፈል የሚያገለግለው የተለየ ምልክት ከ2001 ጀምሮ በአሮጌው ቋንቋ ውስጥም እንዲገባ ተደርጎ ነበር። ጠንቃቃ ሰው ከሽግግሩ ሰባት ዓመት አስቀድሞ ፕሮግራሙን በዚህ ምልክት መጻፍ ይችል ነበር። አዲሱ መድረክ ከመድረሱ በፊት ዝግጅቱ በአሮጌው ላይ ሊጀመር እንደሚችል ይህ አንድ ነጥብ በቂ ማስረጃ ነው።

እርጅናው በማን መለኪያ?

ዋነኛው ለውጥ የጽሑፍ አያያዝ ነበር። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያስቀምጠው በቁጥር መልክ ነው። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲወስድ፣ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። የሁለተኛው ትውልድ ፓይዘን ተራ ጽሑፍን የሚያየው እንደ ባይቶች ሰልፍ ነበር። ስለዚህ «ሰላም» የሚለው ቃል ስንት ፊደል እንዳለው ሲጠየቅ 9 ብሎ ይመልሳል፤ ሦስተኛው ትውልድ ግን 3 ይላል። ለምሳሌ ያህል በአንድ የምስክር ወረቀት ላይ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ከእያንዳንዱ ስም የመጀመሪያዎቹን 10 ምልክቶች ብቻ እንዲያስቀር የታዘዘ ፕሮግራም ቢኖር፣ አሮጌው ቋንቋ «ኢትዮጵያ» ከሚለው ቃል «ኢትዮ» የሚለውን ካተመ በኋላ ከጵ ፊደል ሲሶዋን ብቻ ያስከትላል። በወረቀቱ ላይ የሚታየውም የማይነበብ ምልክት ይሆናል።

በርግጥ አሮጌው ቋንቋ ከ2000 ጀምሮ ለዩኒኮድ የተለየ የጽሑፍ ዓይነት ነበረው። ዳሩ ግን ጸሐፊው በእያንዳንዱ ሐረግ ፊት ምልክት ማድረግን ማስታወስ ነበረበት። ሁለቱ የጽሑፍ ዓይነቶች በተቀላቀሉ ጊዜ ደግሞ ማሽኑ 128 ምልክቶችን ብቻ በሚያውቀው የአስኪ ሥርዓት ሊያዛምዳቸው ይሞክራል። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ከሆነ ውህደቱ ያለ ችግር ያልፋል፤ አማርኛ ከሆነ ግን ፕሮግራሙ ይቆማል። ከዚህ የተነሣ በእንግሊዝኛ ስሞች የተፈተነ ፕሮግራም በሠሪው እጅ ላይ ጤናማ መስሎ ይቆይና የመጀመሪያው የአማርኛ ስም በገባበት ዕለት ይሰበራል።

የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ሁለተኛው የፓይዘን ትውልድ በ2000 ሲወጣ ፊደሉ መለያ ቁጥሮቹን አግኝቶ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ በእንግሊዝኛ ብቻ ለሚሠራ ድርጅት አሮጌው መድረክ እስከ 2020 ድረስ ደህና አገልጋይ ሊሆን ቢችልም፣ የአማርኛ መዝገብ ለሚይዝ መሥሪያ ቤት ግን ጉድለቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮት ነበር። የአንድ መድረክ እርጅና ከወጣበት ዓመት ተቆጥሮ አይታወቅም። የሚታወቀው ተቋሙ በሚሠራበት መረጃ ላይ ተፈትኖ ነው።

ስለ ሽግግሩ በተደረገው ሰፊ ክርክር ውስጥ ይህ ነጥብ ተገቢውን ቦታ አላገኘም። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው የፓይዘን መማሪያ መጽሐፍ በመጻፍ የታወቀው ዜድ ሾ በ2016 ያቀረበው ተቃውሞ ነው። ሾ ጀማሪዎች ሦስተኛውን ትውልድ መማር የለባቸውም ሲል ተከራከረ፤ ካቀረባቸው ዋና ዋና ምክንያቶችም አንዱ በጽሑፍና በባይት መካከል የተደረገው ጥብቅ ልዩነት ለጀማሪ ይከብዳል የሚል ነበር። በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ጀማሪ አባባሉ መሠረት ሊኖረው ይችላል፤ በአሮጌው ቋንቋ ልዩነቱን ሳያውቀው ሊኖር ይችል ነበርና። በአማርኛ ለሚጽፍ ተማሪ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። «ሰላም» 9 ፊደል አለው የሚል ማሽን ለምን እንዲህ እንዳለ ለማስረዳት መምህሩ ገና በመጀመሪያው ሳምንት የባይትን ትምህርት ለማስገባት ይገደዳል። በአዲሱ ቋንቋ ይህ ትምህርት ጊዜው እስኪደርስ ሊቆይ ይችላል። ከዚህም በላይ ሦስተኛው ትውልድ ለተለዋዋጮች በግእዝ ፊደል ስም ማውጣትን ስለሚፈቅድ ተማሪው «ድምር» ወይም «አማካይ» ብሎ ሰይሞ መሥራት ይችላል። ሾም ቢሆን በአቋሙ አልቆየም፤ ለሦስተኛው ትውልድ የተዘጋጀው መጽሐፉ በ2017 ታትሟል።

አፈጻጸሙ ሲመዘን

ውሳኔው በመሠረቱ ትክክል ነበር ማለት አፈጻጸሙ እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ስሕተት የሽግግሩን መንገድ በሚመለከት የተያዘው ግምት ነው። አዘጋጆቹ አሮጌውን ጽሑፍ ወደ አዲሱ የሚለውጥ መሣሪያ አዘጋጅተው፣ እያንዳንዱ ሰው ፕሮግራሙን አንድ ጊዜ ለውጦ ይሻገራል ብለው አሰቡ። ይሁን እንጂ አብዛኛው ፕሮግራም ራሱን ችሎ አይቆምም፤ ሌሎች ባለሙያዎች አዘጋጅተው ባስቀመጧቸው ላይብረሪዎች ላይ ይደገፋል። የላይብረሪ አዘጋጆች ደግሞ ገና ያልተሻገሩትንም የተሻገሩትንም ተጠቃሚዎቻቸውን በአንድ ጊዜ ማገልገል ነበረባቸው። ስለዚህ ያስፈልጋቸው የነበረው በሁለቱም ትውልዶች የሚሠራ አንድ ጽሑፍ ሲሆን፣ 3.0 ይህን አስቸጋሪ አድርጎት ነበር።

ስሕተቱ ቀስ በቀስ ታረመ። በ2012 የወጣው 3.3 እትም አሮጌውን የዩኒኮድ ጽሑፍ ምልክት መልሶ ፈቀደ፤ ምልክቱ በአዲሱ ቋንቋ ውስጥ ምንም ሥራ ባይኖረውም አንድ ጽሑፍ በሁለቱም እንዲሠራ አስቻለ። በ2015 የወጣው 3.5 እትም ደግሞ ባይቶችን በቅርጽ የማቀናበር አገልግሎትን መለሰ። እነዚህ ሁለት እርማቶች ከመጀመሪያው ቢታሰብባቸው ኖሮ ሽግግሩ ባጠረ ነበር።

የላይብረሪዎቹም አካሄድ ይህንኑ ያስረዳል። ለሳይንሳዊ ስሌት የሚያገለግለው ናምፓይ ሦስተኛውን ትውልድ መደገፍ የጀመረው በ2010 ነው። የድረ ገጽ መሥሪያው ጃንጎ በፌብሩዋሪ 2013 በሙከራ መልክ ከደገፈ በኋላ ሙሉ ድጋፍ የሰጠው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነበር። በመሆኑም በ2009 ለመሻገር የሞከረ የጃንጎ ተጠቃሚ የሚረግጠው ድልድይ አልነበረውም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ሥራውን ሁለት ጊዜ ለመሥራት ይገደድ ነበር።

ሁለተኛው አከራካሪ ጉዳይ የመጨረሻውን ቀን ይመለከታል። የአሮጌው ቋንቋ የመጨረሻ ዋና እትም የሆነው 2.7 በ2010 ሲወጣ ድጋፉ በ2015 እንዲያበቃ ታስቦ ነበር። በ2014 ግን ቀኑ ወደ 2020 እንዲራዘም ተደረገ። ማራዘሙ ገና ላልተዘጋጁት እፎይታ ቢሰጥም፣ የተቆረጠ ቀን ሊገፋ እንደሚችል በማሳየቱ ለቸልተኞች ምክንያት ሆኗል። በዚህ ረገድ የአዘጋጆቹ ጠንካራ ጎን 2.8 የሚባል እትም እንደማይኖር በ2011 በይፋ ማሳወቃቸውና በቃላቸው መጽናታቸው ነው። የአሮጌው መንገድ መጨረሻ ባይዘጋ ኖሮ ቋንቋው ለሁለት ተከፍሎ ይቀር እንደነበር መገመት አያዳግትም። ድጋፉ በጃንዋሪ 1 ቀን 2020 አበቃ፤ የመጨረሻው 2.7.18 እትም በአፕሪል 2020 ወጣ። ላይብረሪ ለማስገባት የሚያገለግለው ፒፕም በጃንዋሪ 2021 ለአሮጌው ቋንቋ የሚሰጠውን ድጋፍ አቆመ። ከዚያ ወዲህ በ2.7 ውስጥ የሚገኝ የደህንነት ቀዳዳ በቋንቋው አዘጋጆች አይደፈንም።

ቀድመው የተሻገሩት ድርጅቶች ልምድ

የመጨረሻውን ቀን ሳይጠብቁ ከተሻገሩት መካከል ሁለት ታላላቅ ድርጅቶች አካሄዳቸውን ለሕዝብ ገልጸዋል። ኢንስታግራም ሽግግሩን በ10 ወር ገደማ እንዳጠናቀቀ በ2017 አስታወቀ። ድርጅቱ ሥራውን አቁሞ አዲስ ፕሮግራም አልጻፈም፤ ያው ጽሑፍ በሁለቱም ትውልዶች እንዲሠራ እያደረገ ዕለታዊ አገልግሎቱን ቀጠለ። ሦስተኛውን ትውልድ የማይደግፍ አዲስ ላይብረሪ እንዳይገባ ከለከለ፤ ጥቅም የማይሰጡትንም አስወገደ። ድሮፕቦክስ በበኩሉ በተጠቃሚዎች ኮምፒዩተር ላይ የሚጫነውን ፕሮግራሙን ለማሻገር ሦስት ዓመት ያህል ወስዶበት በ2018 ፈጸመ።

ከሁለቱ ልምድ ሁለት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ሽግግር የአንድ ዕለት ዝላይ መሆኑ ቀርቶ፣ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን የሚሠሩበት ወቅት ሆኗል። ሁለተኛ፣ የሚያስፈልገው ጊዜ ከድርጅት ድርጅት በእጅጉ ይለያያል። ሦስት ዓመት የሚፈልግ ሥራ ያለው ተቋም ድጋፉ ሊያበቃ አንድ ዓመት ሲቀረው ቢነሣ ዘግይቷል። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚደረገው ሩጫ ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚያሰኝ ነው።

የመማሪያ መጽሐፍና የክፍል ጉዳይ

በትምህርት ቤት የጊዜው አቆጣጠር ከመሥሪያ ቤት ይለያል። መሥሪያ ቤት ተሸክሞት የሚሻገረው የቆየ ፕሮግራም አለው፤ ጀማሪ ተማሪ ግን የሚሸከመው የለም። የዛሬ ተማሪ ሥራ የሚይዘው ከዓመታት በኋላ በመሆኑ የሚማረው ቋንቋ ያን ጊዜ በአገልግሎት ላይ የሚውለው መሆን አለበት። ስለዚህ የማስተማሪያው ሽግግር ከመሥሪያ ቤቱ መቅደም ሲገባው፣ በአሮጌው ቋንቋ የታተሙ መጻሕፍት በመደርደሪያ ላይ መኖራቸው ብቻ ትምህርቱን ወደ ኋላ ሊይዘው ይችላል።

ጉዳቱ በመጀመሪያው የትምህርት ሰዓት ይገለጣል። በሁለተኛው ትውልድ አንድን ቃል በማሳያው ላይ ለማውጣት የሚያገለግለው የ«ፕሪንት» ትእዛዝ ቅንፍ አያስፈልገውም ነበር፤ በሦስተኛው ግን ያለ ቅንፍ ስሕተት ነው። ስለሆነም የቆየ መጽሐፍ በእጁ ይዞ በአዲስ ማሽን ላይ የሚለማመድ ተማሪ የመጀመሪያውን መስመር እንደ ጻፈ የስሕተት መልእክት ይገጥመዋል። መጽሐፉ ያረጀ መሆኑን ስለማያውቅ ጥፋቱን የራሱ ያደርገዋል። ከተማሪው የጽሑፍ ግብአት የሚቀበለው የ«ኢንፑት» ትእዛዝም እንዲሁ ነው። በአሮጌው ቋንቋ የተጻፈለትን ሁሉ እንደ ስሌት ሊፈጽመው ይሞክር ስለነበር ስሙን በጽሕፈት ገበታው ላይ የጻፈ ተማሪ በስሕተት መልእክት ይመለስ ነበር፤ በአዲሱ ግን የተጻፈውን እንደ ጽሑፍ ይቀበላል። እነዚህን ልዩነቶች የሚያውቅ መምህር በደቂቃ ያስረዳቸዋል። ያልሠለጠነ መምህር ግን ከተማሪው ጋር አብሮ ይደናገራል። እንግዲህ መጽሐፉን መለወጥ ብቻውን አይበቃም፤ የመምህራን ሥልጠና ከመጽሐፉ ለውጥ ቀድሞ ወይም አብሮ መሄድ አለበት።

የመሸጋገሪያ ጊዜ መመዘኛዎች

ከላይ ከተዘረዘሩት ነጥቦች ለማንኛውም ተመሳሳይ ውሳኔ የሚያገለግሉ መመዘኛዎች ሊወጡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው የራስ መረጃ ነው። አሮጌው መድረክ የተቋሙን ስሞች፣ ቁጥሮችና መዝገቦች በትክክል መያዝ ካልቻለ፣ ሌሎች ድርጅቶች አሁንም እየተገለገሉበት መሆናቸው ለመቆየት ምክንያት አይሆንም። ፈተናውም በእንግሊዝኛ ምሳሌዎች መደረጉ ቀርቶ በተቋሙ እውነተኛ ስም ዝርዝር መደረግ አለበት።

ሁለተኛው የጥገኝነት ዝርዝር ነው። ተቋሙ የሚደገፍባቸው ላይብረሪዎች ሁሉ ተመዝግበው የትኛው እንደተሻገረ፣ የትኛው እንደቀረ መታወቅ ይኖርበታል። ለመሻገር የሚቻልበትን የመጀመሪያ ቀን የሚወስነው ከእነዚህ መካከል ዘግይቶ የደረሰው ነው።

ሦስተኛው የድጋፉ ማብቂያ ቀን ነው። ይህ ቀን የሥራው መነሻ ሳይሆን የመጨረሻ ገደብ ስለሆነ፣ ሥራው የሚፈልገው ጊዜ ከዚያ ላይ ወደ ኋላ ተቆጥሮ የሚነሡበት ቀን መቆረጥ አለበት። ቀኑ ይራዘማል በሚል ተስፋ የሚወጣ ዕቅድ ዕቅድ ሊባል አይችልም።

አራተኛው የማስረጃ ዝግጅት ነው። ፕሮግራሙ ዛሬ የሚሰጠው መልስ አስቀድሞ ተመዝግቦ ካልተቀመጠ፣ ከሽግግሩ በኋላ የተለወጠው ነገር ሊታወቅ አይችልም። የ49ኙና የ49.5ቱ ምሳሌ እንደሚያሳየው የተለወጠ መልስ ሁልጊዜ ስሕተት አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ አሮጌው መልስ ነበር የተሳሳተው። እንዲህ ያለ ልዩነት ሲገኝ ፕሮግራሙን ማረም ብቻ ሳይሆን ቀድሞ የተሰጡትን ውጤቶች መልሶ መመርመርም ግዴታ ይሆናል።

ማጠቃለያ

የፓይዘን አዘጋጆች ውሳኔ የሚመሰገነው ጽሑፍን በሁሉም ቋንቋ በእኩል ለመያዝ የሚያስችል መሠረት በመጣሉ ነው። የሚነቀፈው ደግሞ ድልድዩ ሳይሠራ ሰዎች እንዲሻገሩ በመጠየቁ ነው። ድልድዩን የሠሩት ከ2012 በኋላ የተደረጉት እርማቶችና የላይብረሪ አዘጋጆች ጥረት ናቸው። ስለዚህ ከ2013 እስከ 2019 ያለው ጊዜ አሮጌው ድጋፉ ሳይቋረጥ፣ አዲሱም ተደላድሎ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ የተቻለበት በመሆኑ ለአብዛኛው ተቋም ትክክለኛው የመሸጋገሪያ ወቅት ነበር። «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለው የአባቶች ብሂል የሚገልጸው እንዲህ ያለውን ጊዜ ነው።

ከዚህ ታሪክ የቋንቋው አዘጋጆች ራሳቸው ትምህርት ሳይወስዱ አልቀሩም። ከ2020 ወዲህ ሦስተኛው ትውልድ በየዓመቱ አዲስ እትም የሚወጣለት ሲሆን፣ እያንዳንዱ እትም ለ5 ዓመት ያህል እንደሚደገፍ አስቀድሞ ይታወቃል። ይህም ለተቋማትና ለትምህርት ቤቶች የሚመች አሠራር ነው፤ አንድ ታላቅ ሽግግር እስኪከመር ከመጠበቅ ይልቅ በየጊዜው ትንሽ በትንሽ መሻገር ይቻላልና። በትምህርት ቤት ደረጃ የፕሮግራም ትምህርት መጽሐፍ ሲዘጋጅ የቋንቋው እትምና የድጋፉ ማብቂያ ዓመት በሽፋኑ ጀርባ ቢገለጽ፣ መጽሐፉ መቼ መታደስ እንዳለበት መምህሩም የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጁም በቀላሉ ያውቁታል፤ ተማሪውም ለመጽሐፉ እርጅና ራሱን አይወቅስም።